ሐረጎ ላይ የጠፋው የፈረስ ጉልበት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ሁሉ ሐረጎን ያውቀዋል። መንገዱ የቦርከናን ሸለቆ ትቶ እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጉዞ ውስጥ ከ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አንሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያደርሳል። አባቴ ትተውልኝ ያለፉት ቮልስዋገን ይህን ዳገት ለዓመታት የወጣው በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ሚኒባሱንና አይሱዙውን ሁሉ ከኋላው አሰልፎ ነበር። ጥሩምባ የሚነፋብኝ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ግፋው እንጂ!» የሚለኝ ብዙ ነው። አምና በክረምቱ መውጫ ላይ አንድ ጠጠር የጫነ የሲኖትራክ ሾፌር ቀድሞኝ እያለፈ እጁን ለማጽናናት ያህል ባነሣልኝ ጊዜ፣ ይህስ በዛ ብዬ ሞተሩን አሳድጌ ጉልበት ልጨምርለት ቆረጥሁ።

መኪናው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተሠራ ቮልስዋገን 1500 ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ ነው። የእያንዳንዱ ፒስተን ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የሚመላለስበት ርቀት 69 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አራቱ ሲደመሩ 1,493 ሲሲ ይሰጣሉ፤ ፋብሪካው የመዘገበለት ኃይል ደግሞ 44 የፈረስ ጉልበት ነው። (መኪናውን ያየ ሁሉ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን ሳያነሣ አያልፍም። እኔ መልስ መስጠት ከሰለቸኝ ቆይቷል።)

ይህ 44 የሚባለው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል አየር ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚን በማቃጠል ቢሆንም፣ ምን ያህል ቤንዚን ማቃጠል እንደሚችል የሚወስነው ወደ ውስጥ የሳበው አየር ክብደት ነው፤ አየሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ላይ አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው በባሕር ወለል ላይ ከሚመዝነው 78 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ መኪና ምንም ሳይጎድልበት፣ አዲስ ከፋብሪካ እንደወጣ እንኳ ቢሆን፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ሲቆም ያለው ጉልበት 34 ገደማ ነው ማለት ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ታናሽ ወንድሙ የሆነው ቮልስዋገን 1200 በባሕር ወለል ላይ ያለው ጉልበት ልክ 34 ነው። አባቴ 1500 ብለው ገንዘብ ከፍለው፣ ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ሥር 1200 ሲነዱ ኖረዋል።

እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ከጥፋቴ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ጉልበት ማለት ብዙ ቤንዚን ማለት ነው የሚል ነበር። ቤንዚንና አየር በሚደባለቅበት ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፍ፣ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለ፤ ዋናው ጄት ይባላል። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 125 የሚል ከሆነ ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔው 125 ነበረ። እኔም ከአዲስ አበባ 135 አስመጥቼ በገዛ እጄ ቀየርሁት። መኪናው ሲነሣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ሐረጎ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ደከመ፤ የቤንዚኑ ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ተከተለኝ። በሳምንቱ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ብፈታቸው አራቱም የድስት ቂጥ የመሰለ ጥቀርሻ ለብሰው አገኘኋቸው።

ያኔ ነው ኮምቦልቻ ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ የሄድሁት። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ቃላቸው ሁሉ ካምቢዮና ቴስታታ፣ ፋሻና ማርሚታ የሆነ፣ የድሮ ጋራዥ ሰው ናቸው። ካንዴላውን ተቀብለው በጣታቸው ጠረጉትና «አብሽር፣ ሞተርህ አልሞተም፤ አፍነኸው ነው» አሉኝ። ቀጥለውም አሽከርካሪው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሞተሩን ሳላስነሣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እንድረግጥ አዘዙኝና ወደ ኋላ ሄደው ኮፈኑን ከፈቱ። ረገጥሁ። «ርገጥ እንጂ!» አሉ። «ረግጫለሁ ጋሼ፣ ወለሉን ነክቷል» አልሁ። ዝም አሉ። ከዚያ ወጥቼ እንዳይ ጠሩኝና እርሳቸው በተራቸው ገብተው ረገጡ፤ የካርቡራተሩን አፍ የሚከፍተው ክንድ መንገዱን ሦስት አራተኛ ያህል ሄዶ ቆመ። ቀሪዋን በጣቴ ብገፋት ሄደች። ጥፋቱ ካርቡራተሩም ገመዱም ላይ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ ባስለበስሁ ጊዜ ከፔዳሉ ሥር ታጥፎ የቀረ ጫፍ ነበር፤ እግሬ የነካው ወለሉን ሳይሆን ምንጣፉን ኖሯል። ሰባት ዓመት ሙሉ ለአይሱዙ መንገድ የለቀቅሁት በታጠፈ ምንጣፍ ምክንያት መሆኑን ለማንም ላለመናገር ወስኜ ነበር፤ ይኸው ተናገርሁ።

ምንጣፉን ከቆረጥን በኋላ ወደ ጄቱ ተመለስን። እዚህ ላይ የከፍታው ነገር በግልጽ ይታያል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ አነስ አድርጎ ብቻ ይቀንሳል። በሂሳብ ሲሠራ በደሴ ከፍታ ድብልቁ ከሚገባው 13 ከመቶ ያህል ወደ ቤንዚን ያደላል። ይህን ለማስተካከል የቀዳዳውን ስፋት 6 ከመቶ ያህል ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ከ125 ወደ 117.5 መውረድ ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ጉልበት ፈልጌ ወደ 135 የወጣሁት፣ መኪናው ወደ ታች ሲለምነኝ ነበር።

ሆኖም 117.5 ላይ አልቆምንም። መኪናዬ ደሴ ብቻ አይኖርም። ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ቁጥር በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ ሸዋሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አየሩ እንዲህ የሚለዋወጥበት መንገድ ላይ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ጄት የለም። አዛውንቱ የመረጡት ለዝቅተኛው ቦታ ማድላትን ነው፤ ምክንያታቸውም ቤንዚን የበዛበት ሞተር ኪስ ይጎዳል እንጂ አይሞትም፣ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ግን በጣም ይግልና ቆላ ላይ ፒስተኑን ይበሳል የሚል ነው። 120 አደረግን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ መልክ ይዘው ወጡ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ታይሚንጉም፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚጭርበት ቅጽበት፣ እንዲሁ ተነካ። በሳሳ አየር ውስጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ እሳቱ ቀስ ብሎ ይዛመታል፤ ስለዚህ ካንዴላው ትንሽ ቀደም ብሎ መጫር አለበት። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካዘዘው ላይ 3 ዲግሪ ጨመርን። ከዚህ በላይ መሄድ ቆላ ሲወረድ የብረት ኳኳታ ያመጣል፤ ኳኳታው ደግሞ ፒስተን ይሰብራል።

በዚህ ሁሉ መሐል ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ ስለሚያሳየው የኮምፕሬሽን መለኪያ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ደሴ ውስጥ ብዙ ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ሳይሞት የተቀበረ ይመስለኛልና። ከዚያ በፊት ያየልኝ አንድ ጋራዥ መለኪያውን ሰክቶ «መጽሐፉ ከሚለው በጣም ያነሰ ነው፣ ሞተሩ አልቋል» ብሎኝ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለደሴ አይደለም። በባሕር ወለል 120 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 90 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም፤ የሚጨመቀው አየር ራሱ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ነው። የእኔ ሁለቱ እኩል ነበሩ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ግን በግልጽ ወድቋል። ዘይትም ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ማውረዱ ተገቢ ሆነ፤ ካወረድነው ደግሞ በዚያው ማሳደጉ።

በምን እናሳድገው የሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። በዳገት የሚቀድሙኝ ከባድ መኪኖች ምሥጢራቸው ቱርቦ ነው፤ በጭሱ ኃይል የሚዞር መዘውር አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል። ነገሩ ከመነሻውም ከተራራ ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ አውጥቶ፣ ሞተሩ እዚያ ላይም የባሕር ወለል ጉልበቱን እንደሚያገኝ አሳይቷል። ለእኔ መኪና ግን ቱርቦ የማይታሰብ ነው። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡራተር ያለው፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሞተር ያን ያህል ሙቀት አይችልም፤ ይችላል የሚል ሰው ካለ በራሱ መኪና ይሞክረው።

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ የ1600 ሞተር ፈልጎ መቀየር ነበር። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ስለተጻፈ፣ ሞተር የቀየረ ሰው አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ ጣጣ ነው። የቮልስዋገን ሞተር ቁጥር የተመታው ዲናሞው ከተቀመጠበት ሥር፣ በሞተሩ ዋና አካል ላይ ነው። ይህ አካል ካልተቀየረ ፒስተንና ሲሊንደር ቢቀየርም ቁጥሩ ያው ነው። የ1500 እና የ1600 ሲሊንደሮች በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ላይ ስለሚገቡም ያለ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራ መተካት ይቻላል። ከዚያም ትንሽ አልፎ የ87 ሚሊ ሜትር ፒስተን ከነሲሊንደሩ በዚያው ቦታ የሚገባ አለ፤ 1,641 ሲሲ ይሆናል። ከዚህ የሚሰፉትም አሉ፤ 88 ሚሊ ሜትሩ ግድግዳው ስለሚሳሳ ሲግል ይጣመማል፣ 90.5 ደግሞ የሞተሩን አካልና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) በማሽን ማስፋት ይጠይቃል። 87 ላይ ተስማማን። ዕቃው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ መጣ፤ ስለ ዋጋውና ስለ ጥበቃው ባላወራ ይሻላል።

አራቱ ፒስተኖች ከመግባታቸው በፊት ክብደታቸው መመሳሰል አለበት፤ በከባዱና በቀላሉ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ግራም ከበለጠ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። ጋራዡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሚዛን ስላልነበረ ፒስተኖቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ደሴ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኋቸው። ባለ ወርቁ ቤት አንዱን አንሥቶ ገልብጦ አየና «ይኼ ስንት ካራት ነው?» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ በከባዱና በቀላሉ መካከል 11 ግራም ተገኘ። አዛውንቱ ከከባዶቹ የውስጥ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ በሞረድ እየፋቁ፣ እኔም በሚኒባስ እየተመላለስሁ፣ በሦስተኛው ቀን ልዩነቱ ወደ 2 ግራም ወረደ። ባለ ወርቁ ቤት ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ዱቄቱን ግን ለምን እንዳላመጣሁለት ጠየቀኝ።

ከዚያ የኮምፕሬሽን ምጣኔው፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሳበው ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚነግረው ቁጥር፣ መጣ። ፋብሪካው ለ1500 የሰጠው 7.5 ለ1 ነው። አየሩ የሳሳ በሚሆንበት ቦታ ሲሊንደሩ የሚሞላው በከፊል ስለሆነ ምጣኔውን ትንሽ ከፍ ማድረግ አደጋ የለውም፤ እንዲያውም ደሴ ላይ በጥቂት ወጪ ጉልበት የሚገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን በግምት አይሠራም። ቴስታታውን ገልብጠን አግድም አስተካክለን፣ ቫልቮቹና ካንዴላው እንደተገጠሙ፣ ጎድጓዳውን መሐሉ በተበሳ ወፍራም መስታወት ከደንነው፣ ጠርዙን በግራሶ አሸግን። ከፋርማሲ በገዛሁት የ20 ሚሊ ሊትር መርፌ በቀዳዳው በኩል ላምባ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ሞላሁት። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ መስታወቱ ሥር ተንሸራትታ በቀዳዳው ስትወጣ አዛውንቱ «በቃ!» አሉ፤ መርፌውን አነበብን። አንዱ 49፣ ሌላው 51፣ ሁለቱ 50 ሆኑ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ የሚቀረውን ክፍተት ደግሞ ከሲሊንደሩ ሥር ስስ ቀለበት በማስገባት 1.3 ሚሊ ሜትር አደረግነው። ሲሰላ 8.1 ለ1 ወጣ። ቆላ ለሚወርድ መኪና ከዚህ በላይ መሄድ አልደፈርሁም።

ሙቀት የዚህ ሞተር ዋና ጠላት ነው። ቮልስዋገን የሚቀዘቅዘው በችንጋ ከሞተሩ ጋር በሚዞር ማራገቢያ ስለሆነ፣ የሚያገኘው ንፋስ በመኪናው ፍጥነት ሳይሆን በሞተሩ ዙር ይወሰናል። ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ በከፍተኛ ማርሽ እየደቆሱ መውጣት ቤንዚን የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ ብዙ እሳት በጥቂት ንፋስ ማለት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር በተለይ ይጎዳል፤ በዚህ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው ንፋሱ ወደ እርሱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ የሚደርሰው ሌላው የተጠቀመበት የሞቀ አየር ነው። የእኔ ሦስተኛ ሲሊንደር ቀድሞ የወደቀው በዕድል አልነበረም። በሞተሩ ዙሪያ የነበሩት ላሜራዎች ከዓመታት በፊት «አያስፈልግም» ተብለው ተጥለው ስለነበር በልካቸው አስቀጠቀጥሁ፤ ሞቃቱ አየር ከሥር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክለውን የኮፈኑን ዙሪያ ጎማም መለስሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቱቦ በጭስ የሚያሞቀው ቀጭን መስመር በጥቀርሻ ተደፍኖ ነበረና አስጠረግሁት። በሐምሌ የደሴ ጉም ውስጥ መኪናው ያለ ምክንያት የሚያንቀው፣ ከካርቡራተሩ አፍ ሥር በረዶ እየሠራ ስለነበር ነው።

ውጤቱን በማሽን ለመለካት አቅም አልነበረኝም፤ ሚዛኔ ሐረጎ ራሱ ነው። በሂሳብ የሞተሩ ሲሲ በ10 ከመቶ ስለጨመረ፣ የኮምፕሬሽኑ ምጣኔ ሲታከልበት፣ ደሴ ላይ ከ34 ወደ 38 ገደማ ደርሷል ብዬ እገምታለሁ። አራት ፈረስ። ለአራት ፈረስ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነበር ወይ ብባል፣ በቅንነት፣ ከሁሉ ይልቅ የተሰማኝ ለውጥ የመጣው ምንም ካላስወጣኝ ምንጣፍና በጣም ርካሽ ከሆነው ጄት ነው እላለሁ። ሞተሩ ግን ማርጀቱም እውነት ነበርና አልቆጭም። ዛሬ ሁለት ሰው ጭኜ ዳገቱን አብዛኛውን በሦስተኛ ማርሽ እወጣለሁ፤ ዳገቱ በጣም በሚበረታበት ኩርባ ላይ ወደ ሁለተኛ እመልሳለሁ፣ እርሱም ለማራገቢያው ብዬ ነው። የሲኖትራኩን ሾፌር እስካሁን አላገኘሁትም።

ሲወርዱ ያለውም መነሣት አለበት፤ ጉልበት የጨመረ ሰው በመውጣት የለመደውን ፍጥነት ሳያውቀው ወደ ቁልቁለቱ ይዞት ይሄዳል። የ1500 የፊት ፍሬኖች ዲስክ ስለሆኑ ከ1200ው የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ዘይቱንና አራቱን የጎማ ቱቦዎች ሞተሩ በወረደበት ጊዜ ቀየርሁ። ሐረጎን የምወርደው በወጣሁበት ማርሽ ነው።

አሁን የቀረኝ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደረገው የቫልቭ ማስተካከል ነው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ሞተሩም ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የምሠራው ቅዳሜ ጠዋት፣ የደሴ ብርድ ሌሊቱን ካደረበት በኋላ ነው። ቫልቮቹ ያሉት ከመኪናው ሥር በግራና በቀኝ ስለሆነ መሬት ላይ መጋደም ግድ ይላል። ከፔዳሉ ሥር ቆርጬ ያወጣሁትን ምንጣፍ ለዚሁ አስቀምጬዋለሁ፤ ክርኔን የማሳርፈው እርሱ ላይ ነው።